ምዕራፍ 7፦ ከሰልፉ ጭራ መጀመር

ከክለቡ ጋር ስፒድ መሥራት አቋርጦ የተመለሰ ሯጭ ፈተናው በመጀመሪያው ቀን አይታይም። የመጀመሪያው ቀን ያማረ ነው። እግሩ አርፎ ስለከረመ ይቀለዋል፤ ጓደኞቹ «የት ጠፋህ?» እያሉ ይከቡታል፤ አሰልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ስሙን ሲጠራው ልቡ ይሞቃል። ሁለት ሦስቱን ዙር እንደ ድሮው ይሮጣል። መዘዙ የሚመጣው ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ የተረከዙ ጅማት ይደርቅበታል፤ ባቱ ውስጥ ቋጠሮ ነገር ይሰማዋል። ያንን ችላ ብሎ አንድ ስፒድ ይጨምራል፤ ቀጣዩን ወር በሕክምና ደጅ ያሳልፈዋል።

ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ ወይም አቃቂ ላይ ከሯጮች ጋር የዋለ ሰው ይህን ታሪክ በተለያየ ስም ደጋግሞ ሰምቶታል። እሑድ ጠዋት ሚዛን ተፈሪ ላይ ለማስ ስፖርት የሚወጣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ሆነ ቴፒ ላይ በፕሮጀክት የታቀፈ ታዳጊ ከዚህ አያመልጥም። የሚጎዳው ደግሞ ሰነፉ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ታታሪው ነው። ሰነፍ በሦስተኛው ዙር ይቀመጣል፤ ታታሪው ከፊቱ ያለው ጀርባ እስኪጠፋበት ድረስ ይከተላል።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አጭር ነው፤ ወደ ቡድኑ ቶሎ፣ ወደ ቡድኑ ፍጥነት ግን ዘግይቶ መመለስ ይገባል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ የብዙ ሯጮችን ዓመት በልቷል።

ልምምድ የሚቋረጥበት ምክንያት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር፣ ከሸዋ ቤንች እስከ ቴፒ፣ የለቀማው ወቅት ሲደርስ ቤተሰብ ያለውን እጅ ሁሉ ይፈልጋል፤ ታዳጊው ሯጭም ከጠዋት እስከ ማታ ቅርጫት ይዞ ይውላል። ፈተና አለ፤ ዝናብ አለ። ዝናቡ ከአገሪቱ አብዛኛው ክፍል የበለጠ ረጅም ስለሆነ ቀዩ አፈር ተሸርትቶ ጉልበት የሚያጣምምበት ወር ብዙ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ወባ ነው። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,100 ሜትር ገደማ፣ ሚዛን ተፈሪ በ1,450 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ቆላማው የቡና መሬት ደግሞ ለወባ ትንኝ የተመቸ ነው። የወባ ተውሳክ የሚራባው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ ሕዋሱን እያፈረሰ ነው። ትኩሳቱ በመድኃኒት በጥቂት ቀናት ይለቃል፤ የፈረሰው ደም የሚተካው ግን በሳምንታት ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው ይኸው ደም ነውና፣ ከወባ የተነሣ ሯጭ ሰውነቱ ሳይታመም ልምምዱ ብቻ እንደ ድንጋይ ቢከብደው ሊገርመው አይገባም። ጤና ጣቢያ ሄዶ የሄሞግሎቢን ምርመራ ማድረግ፣ ውጤቱ ዝቅ ካለም ስፒዱን ማቆየት ያስፈልገዋል። እዚህ አገር ለመስማት የሚከብድ ሌላ ምክርም አለ፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን የብረት ማዕድን እንዳይወስድ ያግዳሉ። ደሙን እየተካ ያለ ሯጭ ቡናውን ከምግቡ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ቢያርቀው ይጠቀማል።

ያለ በሽታም ቢሆን ዕረፍት ሰውነትን ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ በጽናት ስፖርት በሚገባ የሠለጠኑ ሰዎች ልምምድ እንዲያቆሙ አድርገው ለ84 ቀናት ተከታተሏቸው። ሰውነታቸው በከፍተኛ ጥረት ጊዜ የሚጠቀምበት የኦክስጅን መጠን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በ7 በመቶ፣ በ56ኛው ቀን ደግሞ በ16 በመቶ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቀነሰም። መጀመሪያ የሚጎድለው የደሙ መጠን ነው፤ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ያንሳል። ጡንቻ ኦክስጅንን ከደም የመውሰድ አቅሙን የሚያጣው ቀስ እያለ ነው። በዓመታት ልምምድ በጡንቻ ውስጥ የተዘረጉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግን በዚያ ጥናት አልጠፉም። ለሯጭ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ የሠራው ሥራ በሁለት ወር ዕረፍት ጨርሶ አይጠፋም ማለት ነው።

አደጋውም የተደበቀው እዚሁ የምሥራች ውስጥ ነው። የደም መጠን በቀላል ሩጫ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ትንፋሽ ይስተካከላል፤ ሯጩም «ኮንዲሽን ገብቻለሁ» ይላል። ጅማትና አጥንት ግን በራሳቸው ሰዓት ነው የሚሄዱት፤ ለጫና እንደገና ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። የቤንች ቡና ለቃሚ ይህን ነገር በእጁ ያውቀዋል፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ካሉት ፍሬዎች አንዳንዱ ቀልቶ ሌላው ገና አረንጓዴ ነውና፣ ቀዩን ብቻ ለቅሞ ለሌላው ተመልሶ ይመጣል። የተመላሽ ሯጭ ሳንባና ልብ ቀድመው ይቀላሉ፤ የተረከዙ ጅማት ገና አረንጓዴ ነው። ስፒድ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጭነው ጅማቱን ነው። እርምጃው ሲፈጥን እግር መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፤ በዚያች አጭር ቅጽበት የሰውነት ክብደት በብዙ እጥፍ ሆኖ ባትና ተረከዝ ላይ ያርፋል።

ከደቡብ ምዕራብ ወደ አዲስ አበባ ክለብ የሚመለስ ሯጭ ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሽቅቡም ከሚዛን 1,450 ሜትር ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ 2,350 ገደማ፣ ሱሉልታ ላይ 2,700 አካባቢ፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ሱሉልታ ላይ አንድ ሰው በትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደሙ ፈሳሽ ክፍል ራሱ ይቀንሳል፤ የልብ ምት በቀላል ሩጫም ይጨምራል፤ አዲስ ቀይ የደም ሕዋስ ተመርቶ ልዩነት እስኪያመጣ ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰኞ ከአውቶቡስ ወርዶ ረቡዕ ትራክ ላይ መሰለፍ ጉብዝና አይደለም።

ታዲያ ሯጩ ለምን ብቻውን ሠርቶ አቅሙ ሲመለስ አይቀላቀልም? ብዙ የውጭ አገር የሩጫ መጻሕፍት የሚመክሩት ይህንኑ ነው። የኢትዮጵያ ሯጮች ልማድ ግን ወደ ሌላ ያዘነብላል፤ ልማዳቸውም ትክክል ነው። አንትሮፖሎጂስትና ሯጭ የሆነው ማይክል ክሮውሊ ከአንድ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከሯጮች ጋር እየሮጠ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ደጋግሞ ያስተዋለው ነገር ቢኖር ሯጮቹ ብቻን መሮጥን ለጤና የሚሆን እንጂ ሰውን የሚለውጥ ሥራ አድርገው አለማየታቸውን ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚታየውም ይኸው ነው፤ ሯጮች አንድ ረድፍ ሠርተው፣ የፊተኛውን እግር እግር እየተከተሉ፣ በዛፎቹ መካከል ወዲህ ወዲያ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። መሪው ሲደክም ሌላው ይተካል። የኋለኛው ፍጥነቱን የሚያስብለት ሰው አለው፤ ሥራው መከተል ብቻ ነው።

የቡድን ጥቅም በቁጥርም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት የብስክሌት ውድድር ሰዓቶችን ሲመረምር፣ አብሮ የሚሽቀዳደም ወይም የሚመራ ሰው ያለው ጋላቢ ብቻውን ከሰዓት ጋር ከሚታገለው በግልጽ ፈጣን ሆኖ አገኘው። የኤቨረስትን የመጀመሪያ ድል ያገዘው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ግሪፊት ፒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በነፋስ ክፍል ውስጥ ሯጭ አስሩጦ፣ በመካከለኛ ርቀት ውድድር ፍጥነት ከሌላው አንድ ሜትር ያህል ኋላ ሆኖ መሮጥ የኦክስጅን ፍላጎትን በ6 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ለካ። አየሩ በሳሳበት በእንጦጦና በሱሉልታ ይህ ጥቅም ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

ከሁሉም በላይ ለተመላሽ ሯጭ የሚጠቅመውም የሚያስፈራውም የሦስተኛው ጥናት ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው በዚህ ጥናት፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቀዛፊዎች ለ45 ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻቸውን፣ ሌላ ጊዜ ከጓደኞቻቸው ጋር በመቅዘፊያ መሣሪያ ላይ ሠሩ። ከልምምዱ በፊትና በኋላ ክንዳቸው ላይ የደም ግፊት መለኪያ እየተጠበቀ ሕመም የሚሰማቸው ወሰን ተለካ። የሠሩት ሥራ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ከቡድን ጋር በቀዘፉበት ቀን ሕመምን የመቻል አቅማቸው ብቻቸውን ከሠሩበት ቀን ይልቅ ጨመረ። በጋራ መንቀሳቀስ አንጎል የራሱን ማስታገሻ እንዲያመነጭ ያደርጋል ሲሉ ተመራማሪዎቹ ገመቱ።

ይህን ወደ ሰንዳፋ አስፋልት ማምጣት ነው። ጤናማ ሯጭ ከቡድን ጋር ሲሠራ ሕመሙ ስለሚቀልለው ብቻውን የማይደርስበት ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ተመላሹም ሕመሙ ይቀልለዋል፤ የእሱ ሕመም ግን ድካም ብቻ ሳይሆን ያልጠነከረ ጅማት የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ነው። ቡድኑ ማስጠንቀቂያውን ያፍነዋል። ተመላሽ ሯጭ በቀላል ሩጫ ቀን በቡድኑ መሐል፣ በስፒድ ቀን ደግሞ በቡድኑ ዳር መሆን አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ ሩጫ ታሪክ በመመለስ የተሞላ ነው። መጀመሪያ የሚታወሰው የአበበ ቢቂላ ነው። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ደብረ ዘይት ላይ ሲዘጋጅ የትርፍ አንጀት ሕመም ያዘውና መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ማራቶኑ ጥቅምት 11 ቀን ነበር፤ 35 ቀን ብቻ ቀርቶታል። ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ሌሊት ሌሊት በግቢው ውስጥ ሶምሶማ መጀመሩ ይነገራል። ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ በሆነ የዓለም ምርጥ ሰዓት አሸነፈ፤ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ በልጦታል። ይህ ታሪክ ብዙ ሯጮችን አበረታቷል፤ ብዙዎችንም አሳስቷል ማለት ይቻላል። የአበበ ቁስል ሆዱ ላይ ነበር፤ ጅማቱና አጥንቱ የዓመታት ልምምድ እንደያዙ ነበሩ። አምስት ሳምንት ለሆድ ስፌት የበቃውን ያህል ለተረከዝ ጅማት አይበቃም።

ለተረከዝ ጅማት ምን ያህል እንደሚበቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሳይቷል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቁን ከኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ የወሰደው ጅማቱ እያመመው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እንደገና ለውድድር የተሰለፈው ከአሥር ወር በላይ ቆይቶ፣ ነሐሴ 2 ቀን ኤድመንተን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ነው። ለዓመታት በርቀቱ አልተሸነፈም ነበርና ሕዝቡ ወርቅ ጠበቀ፤ ኬንያዊው ቻርልስ ካማቲ አንደኛ፣ አሰፋ መዝገቡ ሁለተኛ፣ ኃይሌ ሦስተኛ ሆኑ። ያን ቀን ብዙ ሰው አዝኗል። ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ጅማት ግን የመጨረሻውን 200 ሜትር ፍንጠራ የሚችለው ከሁሉም መጨረሻ ላይ ነው፤ ነሐሱ የተገኘበትን መንገድ ያየ ሰው ውጤቱን ሽንፈት አይለውም። በሁለት ወር ውስጥ ብሪስቶል ላይ የዓለም የግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ደግሞ 10,000 ሰው የተካፈለበትን የመጀመሪያውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ አሸነፈ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አቴንስ ላይ ያው ጅማት እንደገና አስቸገረው፤ ልምምዱም ተስተጓጎለበት። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በተሮጠው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌን ሲፈልጉትና ፍጥነታቸውን አብርደው ሲጠብቁት መላው ዓለም አይቷል። እነሱ ወርቅና ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ውድድሩ የኦሊምፒክ ፍጻሜ ነበር፤ የልምምድ ቀን እንኳ አልነበረም። ኦሊምፒክ ላይ መጠበቅ ከተቻለ ማክሰኞ ጠዋት በኮሮኮንች መንገድ ላይ መጠበቅ እንዴት ያቅታል?

ጥሩነሽ ዲባባ በዚህ ምዕራፍ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባታል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለደች። ወደ ውድድር የተመለሰችው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ ነው፤ አመላለሷም ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ማንችስተር ላይ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር ሮጣ አሸነፈች። ጎዳና ላይ ስፓይክ ጫማ የለም፤ ጥግ ዞሮ ዞሮ ውስጠኛውን እግር የሚያስጨንቅ ኩርባም የለም። ከዚያ በሰኔ ሄንግሎ ላይ በተካሄደው የኦሊምፒክ ማጣሪያ ትራክ ላይ ሮጠች። በነሐሴ መጀመሪያ ሪዮ ደረሰች፤ አልማዝ አያና በ29፡17.45 የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረችበት ውድድር 29፡42.56 ገብታ ነሐስ ወሰደች። ከስምንት ዓመት በፊት ቤጂንግ ላይ በወርቅ ያጠናቀቀችበት ሰዓት 29፡54.66 ነበር። ከወሊድ በኋላ ከወጣትነቷ በ12 ሰከንድ ፈጥናለች። ደራርቱ ቱሉም ከእሷ በፊት በዚሁ መንገድ አልፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ልጅ ወልዳ፣ ሲድኒ ላይ ሁለተኛ የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቋን ወስዳለች። ሁለቱም ከበቆጂ የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ጊዜ ወስደዋል። በወለደች ማግስት ሯጭን «መቼ ትመለሻለሽ?» እያለ የሚያጣድፍ ክለብ እነዚህን ሁለት ሴቶች ማስታወስ አለበት።

የቀነኒሳ በቀለ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በባት ጉዳት ምክንያት ከጥር 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይወዳደር ቆየ። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ዴጉ ላይ የዓለም ሻምፒዮናው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የመመለሻ ውድድሩ ሆነ፤ ከግማሽ መንገድ በኋላ አቋርጦ ወጣ። ያን ምሽት ዘመኑ አለቀ ያለ ብዙ ነበር። ከ19 ቀን በኋላ፣ መስከረም 5 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ብራስልስ ላይ 26፡43.16 ሮጦ የዓመቱን የዓለም ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። በ19 ቀን ልምምድ እንዲህ ያለ አቅም አይገነባም፤ አቅሙ ዴጉ ላይም ነበረ። ያልነበረው ከሌሎች ጋር በፍጥነት የመቆየት ልማድ ይመስላል፤ መቆራረጡን፣ ድንገት መጨመሩን፣ ከፊት ያለውን ጀርባ ሳይለቁ መታገሡን ከሃያ ወር በኋላ ሰውነቱ እንደገና መቅመስ ነበረበት። ይህን ደግሞ ብቻን በመሮጥ ማግኘት አይቻልም። ወደ ቡድን ቶሎ የመመለስ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንውረድ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሳምንት ያረፈ ሯጭ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት በቡድኑ ቀላል ሩጫ ቢያሳልፍ ይመረጣል፤ እያወራ መሮጥ ካቃተው ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። በእነዚህ ሳምንታት መጨረሻ፣ ከቀላል ሩጫ በኋላ ሳር ላይ 80 ወይም 100 ሜትር የሚሆን አራት አምስት ጊዜ ዘና ብሎ መፍጠን ይጀምራል። ጅማቱ ከፍጥነት ጋር የሚተዋወቀው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፋርትሌክ፣ ማለትም ፈጠን ቀስ እያሉ መሮጥ ነው። ፋርትሌክን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቀመረው ስዊድናዊው ዮስታ ሆልመር ነበር፤ ከሩቅ አገር መጥቶ የክቡር ዘበኛ ሯጮችን ያሠለጠነው ኦኒ ኒስካነንም ስዊድናዊ ነበርና ዘዴው ኢትዮጵያ ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። የፋርትሌክ ጥቅሙ ሜትርና ሰዓት ስለሌለው ነው። ቡድኑ ሦስት ደቂቃ ሲፈጥን ተመላሹ አንዱን ደቂቃ ብቻ አብሮ ይፈጥናል፤ ሲቀዘቅዙ ይደርሱበታል ወይም ይደርስባቸዋል፤ ማንም ወደ ኋላ የቀረ አይመስልም። ለሚዛንና ለቴፒ ሯጮች ይህ በተለይ ይመቻል፤ መደበኛ ትራክ ባይኖርም ከከተማው ወጣ ያለ ኮሮኮንች፣ ዝናብ በጣለ ቀንም አስፋልት ይበቃል። ዳገቱም ይረዳል። ሽቅብ ሲሮጥ ልብና ሳንባ በሚገባ ይሠራሉ፣ እግሩ መሬቱን የሚመታበት ኃይል ግን ያንሳል፤ ባትና የተረከዝ ጅማት ግን ሽቅብ ላይ ስለሚለጠጡ፣ በዚያ በኩል የተጎዳ ሰው ዳገቱን ማቆየት አለበት።

ትራኩ ከሁሉም በኋላ ነው። ቡድኑ 400 ሜትርን 12 ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ተመላሹ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እየዘለለ ስድስቱን ይሥራ። ጓደኞቹ ሲሮጡ እሱ ያርፋል፤ ሲነሣም ከእነሱ ጋር ይነሣል፣ ከኋላ ሆኖ ይከተላል። በዚህ አሠራር የቡድኑን ፍጥነትና ጓደኝነት ያገኛል፣ ጫናው ግን ግማሽ ይሆናል። መምራት የለበትም። መሪነት ተራ በተራ መሆኑ ጥሩ ባህል ነው፤ ተመላሽ ግን ከፊት ሲሆን ራሱን ማሳየት ይፈልጋል፣ አሰልጣኙ ያላዘዘውን ሁለት ሰከንድ ይቀንሳል። ስፓይክ ጫማም በቦርሳ ይቆይ፤ ተረከዙን ዝቅ አድርጎ ጅማቱን ስለሚለጥጠው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይደርሳል።

አንድ ምልክት ሊዘነጋ አይገባም። ልምምድ ሲጀመር የሚያም፣ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ በማግስቱ ጠዋት የሚመለስ ሕመም የጅማት ጉዳት መጀመሪያ ነው። ብዙ ሯጭ «ሲሞቅ ይለቀኛል» እያለ ሳምንታት ይገፋዋል። መለኪያው የማግስቱ ጠዋት ነው። ጠዋት የሚያነክስ ሯጭ በዚያ ቀን ስፒድ አይሠራም፤ አሰልጣኙም ጠዋት አካሄዱን ሳያይ ሰዓቱን መያዝ የለበትም።

ሸክሙን ሯጩ ላይ ብቻ መጣልም ፍትሐዊ አይደለም። አንድ ታዳጊ ለወራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ቦታውን ሌላ እንደወሰደበትና በሚቀጥለው ምርጫ እንደሚቀነስ ካሰበ፣ ይህ ምዕራፍ የሚለውን ሁሉ ቢያውቅም ከፊት ረድፍ ይሰለፋል። ፍርሃት ከዕውቀት ይቀድማል። በቆጂ ላይ ብዙ ሻምፒዮኖችን ያፈራው የቀድሞው የስፖርት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ይዟቸው የተነሣው ልጆችን፣ ኮረብታንና ትዕግሥትን ነበር፤ መሣሪያ አልነበረውም። ተመላሽ ሯጭን ለማስተናገድም መሣሪያ አያስፈልግም።

ስለዚህ በሚዛን ተፈሪ፣ በሸዋ ቤንች፣ በቴፒና በአካባቢው ታዳጊዎችን ለምታሠለጥኑ ሁሉ፣ የቡና ለቀማው አልቆ ልጆቹ ሲመለሱ በመጀመሪያው ማክሰኞ ሰዓት አትያዙባቸው። ስማቸውን በዝርዝሩ ላይ አቆዩት፤ በስፒድ ቀን የሰልፉን ጭራ ለእነሱ ስጡ፤ ወባ የያዘውን መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ለስድስት ሳምንት ይህን ያገኘ ልጅ በሰባተኛው ሳምንት ተራው ሲደርስ ይመራል።